ሺልድ ምን ይሠራል? ስለ ሞገድ መከለያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ስልክ፣ ሪሲቨርና ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ መልሻለሁ።

ሺልድ ምንድን ነው?

ስልክ፣ ዋይፋይ፣ ሬዲዮና ዲሽ ሁሉም የሚሠሩት በኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ነው። ሞገዱ አይታይም፣ ድምፅም የለውም፤ ግን ግድግዳ አልፎ ይሄዳል። ሺልድ ማለት ይህ ሞገድ ወደማይፈለግበት ቦታ እንዳይደርስ የሚያደርግ መከለያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመዳብ፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከቀጭን ብረት ይሠራል።

ሥራው በሁለት አቅጣጫ ነው። ማይክሮዌቭ ኦቨን ላይ፣ ውስጥ ያለው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይይዛል። ኤምአርአይ (በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣ የሕክምና ማሽን) ክፍል ላይ፣ ውጭ ያለው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ኪሳችሁ ያለው ስልክ ውስጥ ደግሞ ሁለቱንም በአንዴ ይሠራል።

ቀጭን ብረት እንዴት ሞገድ ያቆማል?

ብረት ውስጥ እንደልባቸው የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። ሞገድ ሲመታቸው አብረውት ይወዛወዛሉ። ይህ መወዛወዝ የራሱን ሞገድ ይፈጥራል፤ ያም የመጣውን ይቃረነዋል። ስለዚህ አብዛኛው ወደመጣበት ይመለሳል። የቀረው እዚያው ብረቱ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱ ግን በእጅ ቢነኩት የሚታወቅ አይደለም።

ይህን በግልጽ ያሳየው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 ወርዱም ቁመቱም 12 ጫማ የሆነ ክፍል ሠርቶ በብረት ፎይል ሸፈነው። ከዚያ ውጩን በኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሞላው። ብልጭታው ከውጭ እየተንጣጣ እሱ ውስጥ ሆኖ ሲለካ ምንም አላገኘም። ዛሬም እንዲህ ያለ መከለያ የፋራዳይ ኬጅ ይባላል።

ውፍረቱን በተመለከተ ሰው ከሚገምተው ያንሳል። የስልክ ሞገድ፣ 900 ሜጋኸርዝ (በሰከንድ 900 ሚሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝ) እንበል፣ መዳብ ውስጥ ገብቶ ጉልበቱ እስኪደክም የሚጓዘው 0.002 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወጥ ቤት ያለው ፎይል ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ለእንዲህ ያለ ሞገድ ችግር የሚፈጥረው ክፍተት እንጂ ውፍረት አይደለም። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ታች ደጋግመን እንመጣበታለን።

ቤቴ ቆርቆሮ ነው። ኔትወርክ ያጣሁት በሱ ነው?

ጣሪያው ብቻ ቆርቆሮ ከሆነ ብዙም አይደለም። የስልክ ሲግናል ባብዛኛው የሚመጣው ከጎን ነው፤ የጭቃ ግድግዳና መስኮት ደግሞ ያሳልፉታል። ከሰማይ የሚመጣው ጂፒኤስ ግን በቆርቆሮ ስር በደንብ አይሠራም። ግድግዳውም ብረት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ስልክ በር ላይ ጥርት ብሎ ሠርቶ ጥግ ሲደርስ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው።

አሉኮቦንድ የለበሱ ፎቆችም እንደዚያው ናቸው። አሉኮቦንድ ማለት በሁለት ስስ አሉሚኒየም መሃል የተጣበቀ ፕላስቲክ ነው። ሙቀት የሚመልሱ መስታወቶችም በዓይን የማይለይ የብረት ቅብ ስላላቸው ሲግናል ይቀንሳሉ። ሶሌታ ውስጥ ያለው ፌሮ ጉዳቱ ቀለል ይላል፤ በፌሮዎቹ መሃል ያለው ርቀት ሰፋ ስለሚል ሞገዱ ሾልኮ ያልፋል።

ግን ቤቱን ከመውቀሳችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ወደ ደጅ ውጡና ስልኩን እዩት። ከተማችን ኮረብታና ሸለቆ ናት። ደጅም ላይ ሲግናሉ ያው ከሆነ የከለላችሁ ኮረብታው ነው።

ፋሲል ግቢ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ስገባ ሲግናል ይቀንሳል። ድንጋይም ሺልድ ነው?

አስጎብኚዎች የሚጠይቁኝ ነው። ድንጋይ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ሞገዱን እንደ መስታወት አይመልሰውም። ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተገነባው ግድግዳ በጣም ወፍራም ነው። ሞገዱ በውስጡ ሲያልፍ እየተዋጠ ይደክማል። ድንጋዩና ኖራው ውስጥ ያለው እርጥበት ደግሞ የበለጠ ይውጠዋል። መስኮቱ ጋ ጠጋ ስትሉ ሲግናሉ ይመለሳል።

አምፖል ሳበራ ሬዲዮዬ ይንጫጫል። ሺልድ ያስፈልገዋል?

ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልና ርካሽ ቻርጀር ውስጥ ያለው ሰርኪት በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይበራል ይጠፋል። በደንብ ካልተጣራ ያ ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩ ይገባል፤ የቤቱም ሽቦ አንቴና ሆኖ ይረጨዋል። በተለይ ኤኤም እና አጭር ሞገድ ይረበሻል። አጥፊውን ለማወቅ ሬዲዮውን ይዛችሁ ወደ እያንዳንዱ ቻርጀር ጠጋ በሉ፤ ጩኸቱ ራሱ ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ ሬዲዮውን መጠቅለል አይረዳም፤ ጣቢያውንም አብራችሁ ትከልሉታላችሁ። መፍትሔው አምፖሉን ወይም ቻርጀሩን መቀየር ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ገመድ ላይ ያለችው ጥቁር እብጠት ፌራይት ትባላለች፤ ሥራዋ ይህን ረብሻ ገመዱ ላይ መያዝ ነው። ቆርጣችሁ አታውጧት።

ስልክ ውስጥ ያሉት የብረት ክዳኖች ለምንድን ናቸው? ቢነሱስ?

ጥገና የሚማሩ ልጆች ሲጠይቁኝ ደስ የሚለኝ ጥያቄ ነው። ስልክ ስትፈቱ ቦርዱ ላይ ጥፍር የሚያክሉ፣ አንዳንዶቹም ተለቅ ያሉ ብርማ ክዳኖች ታያላችሁ። ከክዳኖቹ ሥር ፕሮሰሰሩ (የስልኩ አእምሮ)፣ የኔትወርክ አይሲው (ቺፑ) እና የዋይፋይ አይሲው ለየብቻ ተቀምጠዋል። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ከቢሊዮን ጊዜ በላይ ይበራል ይጠፋል፤ በዚህም የራሱን ሞገድ ይረጫል። አጠገቡ ያለው የኔትወርክ ክፍል ደግሞ ከሩቅ አንቴና የሚመጣ እጅግ የደከመ ሲግናል ለመስማት ይታገላል። መሃላቸው ግድግዳ ከሌለ፣ በገበያ ቀን ቅዳሜ ገበያ መሃል ቆሞ ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ነው።

አንዲት እናት ከማራኪ ስልክ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ከተጠገነ ወዲህ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል» አሉኝ። ስፈታው የኔትወርክ አይሲው ራቁቱን ነው። በዙሪያው ክዳኑ ተበይዶበት የነበረው መስመር ገና ያብረቀርቃል። የጠገነው ሰው ክዳኑን አንስቶ ሥራውን ሲጨርስ አልመለሰውም። ከሞተ ተመሳሳይ ቦርድ ላይ ክዳን አነሳሁ። መስመሩን አጸዳሁ፣ ፍለክስ (ብየዳ የሚያስይዝ ቅባት) ቀባሁ፣ ክዳኑን በወረንጦ አስቀምጬ ሆት ኤር ነፋሁበት። ብየዳው ቀልጦ ክዳኑ ቁጭ ሲል በዓይን ይታያል፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይረጋል። እናቲቱ እዚያው ቆመው አዘዞ ያለች ልጃቸው ጋ ደወሉ። ሰላምታው ራሱ ረጅም ነበር፤ አልተቆረጠም።

ክዳኑ ሙቀት እንዲበታተንም ይረዳል። በአንዳንድ ስልኮችም የአሉታዊው መስመር መገናኛ ነው። ስለዚህ እባካችሁ ጥገና ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ክዳኑን አጣማችሁ አትንቀሉት፣ ቆሻሻ ውስጥም አትጣሉት። ደንበኛም ብትሆኑ «ክዳኑ ተመልሷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

የዲሽ ገመድ ውስጥ ያለው የሽቦ ሹሩባ ምን ይሠራል? ቆርጬ ብጥለውስ?

የዲሽ ገመድ ስትልጡ መጀመሪያ ፕላስቲኩ ይመጣል። ቀጥሎ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቀጭን ሽቦ፣ ከዚያ ብርማ ፎይል፣ ከዚያ ነጭ ፕላስቲክ፣ መሃል ላይ አንዲት የመዳብ ሽቦ አለች። ሲግናሉ የሚሄደው በመሃለኛዋ ሽቦና በሹሩባው መካከል ነው። ሹሩባውና ፎይሉ ሺልድም ናቸው፣ የመመለሻ መስመርም ናቸው። ሪሲቨሩ ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ለፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ) የሚያንቀሳቅሰው 13 ወይም 18 ቮልት በዚሁ ገመድ ልኮ ነው። ሹሩባው ከተጣለ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት የለውም።

ሌላም ምክንያት አለ። ከሳተላይት የሚመጣው ሲግናል ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ነው (አንድ ጊጋኸርዝ 1000 ሜጋኸርዝ ነው)። ኤልኤንቢው ወደ 950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ አውርዶ ነው ወደ ሪሲቨሩ የሚልከው። የሞባይል ኔትወርክም በ900፣ በ1800ና በ2100 አካባቢ ይሠራል፤ ማለትም እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው። ሺልዱ ሳሳ ያለ ገመድ አጠገቡ ያለውን የስልክ ሲግናል ይቀበላል። አንዳንድ ቻናል ብቻ ለይቶ የሚሰባበርባችሁ ከሆነ ገመዱንና ኮኔክተሩን አስፈትሹ። ዲሹን ማዞር ከመጀመራችሁ በፊት።

ስትገጥሙ ከሹሩባው አንዲት ክር እንኳ መሃለኛዋን ሽቦ እንዳትነካ። ፀጉር የምታክል ክር ሾርት ታደርጋለች። «ሲግናል የለም» ብለው ከሚያመጡልኝ ሪሲቨሮች ብዙዎቹ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ቤት የቀረው ገመድ ጫፍ ላይ ነው። ሹሩባውን ወደ ኋላ አጥፉት፣ መሃሉን ፈትሹ፣ ከዚያ ኮኔክተሩን አጥብቁ።

የማይክሮዌቭ ኦቨን በር ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ሞገዱ አይወጣም?

ጥቂት ካልሆነ አይወጣም። የኦቨኑ ሞገድ 2.45 ጊጋኸርዝ ነው፤ አንዱ ሞገድ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። የበሩ ወንፊት ቀዳዳ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ለሞገዱ ይህ ድፍን ግድግዳ ማለት ነው። ብርሃን ግን ሞገዱ እጅግ አጭር ስለሆነ ያልፋል፤ ምግቡ የሚታያችሁ ለዚያ ነው። ልክ ወንፊት ዱቄቱን አሳልፎ እንክርዳዱን እንደሚያስቀር።

በፋብሪካ ደንብ መሠረት ከኦቨኑ 5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚያመልጠው በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ5 ሚሊዋት መብለጥ የለበትም። በሩ ከተጣመመ፣ ማጠፊያው ከላላ ወይም ወንፊቱ ከተቀደደ አትጠቀሙበት።

የራጅ ክፍልና የኤምአርአይ ክፍል መከለያ አንድ ነው?

በጣም ይለያያል። ራጅም የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከስልክ ሞገድ ጋር አይወዳደርም። ስስ መዳብ አያቆመውም፤ ከባድ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ የራጅ ክፍል ግድግዳና በር እርሳስ ይለብሳል፣ ባለሙያውም የእርሳስ ሽርጥ ያደርጋል። እዚያ የሚጠበቀው ሰው ነው።

ኤምአርአይ ክፍል ላይ ግን በዋናነት የሚጠበቀው መሣሪያው ነው። ባለ 1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ማሽን ከሰውነታችን የሚያዳምጠው በ64 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚመጣ በጣም ስስ ሲግናል ነው። ይህ የሬዲዮ ሞገድ ክልል ነው። የውጭ ሲግናል ከገባ ምስሉ ላይ መስመር መስመር ይወጣል። ስለዚህ ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው በመዳብ ወይም በሌላ ብረት ይለበጣል፤ መስኮቱም በሽቦ መረብ። በሩ ዙሪያ እንደ ስፕሪንግ የሚጫኑ የመዳብ ጣቶች አሉ፤ ሲዘጋ ክፍተት እንዳይቀር። በሩ በደንብ ካልተዘጋ የዚያ ሁሉ መዳብ ልፋት ከንቱ ነው።

ጨረር ይከላከላል የሚባለው የስልክ ስቲከር ይሠራል?

አይሠራም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ሳንቲም የምታክል ስቲከር ከዙሪያው የሚወጣውን ሞገድ ልታቆም አትችልም። እውነት ብትከልል ኖሮ ደግሞ ስልኩ የኔትወርክ ማማውን ለማግኘት ጉልበቱን ይጨምር ነበር። ባትሪም ይበላል፣ ሞገዱም ይጨምራል። ነፍሰ ጡር ሆነው በስጋት ይህን ስቲከር የሚገዙ እህቶች ሲመጡ ልቤ ያዝናል፤ ሻጩ የሚነግድበት ፍርሃታቸውን ነው።

እውነቱ ይህ ነው። የስልክ ሞገድ እንደ ራጅ የሰውነትን ሞለኪውል የመሰባበር ጉልበት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ አስገብቶታል፤ ይህ ማለት ማስረጃው ውስን ነው ማለት ነው። ሐሳብ የሚገባችሁ ከሆነ ነፃ መፍትሔ አለ፦ ኢርፎን ተጠቀሙ፣ ወይም ስፒከር ላይ አድርጉ። ርቀት ከየትኛውም ስቲከር ይበልጣል። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ደግሞ ስልኩን ከደረቱ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ያርቅ።

ስልኬን ድስት ውስጥ ከድኜ ስደውል ይጠራል። ታዲያ ብረት ያቆማል አላልክም?

እኔም ቤት ሞክሬዋለሁ። የብረት ድስት ውስጥ ከትቼ ከደንኩት፤ ጠራ። ፎይል አንድ ዙር ጠቀለልኩት፤ አሁንም ጠራ። ፎይሉን ሁለት ዙር ጠቅልዬ ጫፎቹን እንደ ሳምቡሳ እጥፍ እጥፍ አድርጌ ስጫናቸው ግን ጸጥ አለ።

ሚስጥሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የድስት ክዳን ከአፉ ጋር ሙሉ ለሙሉ አይነካካም፤ ቀለም ወይም ቅባት መሃል ይገባል። ለሞገድ ደግሞ የስንጥቅ ስፋት ሳይሆን ርዝመት ነው ቁም ነገሩ። በ1800 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የዚያን ግማሽ የሚያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ፣ ወረቀት የማያስገባ ቀጭን ቢሆንም፣ እንደ አንቴና ያሳልፈዋል። ብዙ ትንንሽ ክብ ቀዳዳ ከአንድ ረጅም ስንጥቅ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ስልክ ጆሮው ስል ነው። ጥሩ ሲግናል ባለበት ቦታ፣ ሲግናሉ አስር ሺህ ጊዜ ቢደክም እንኳ ስልኩ ሊጠራ ይችላል። ባለሙያዎች ይህን 40 ዴሲቤል ይሉታል። ስለዚህ የጠፋ ማይክሮዌቭ ውስጥ ያለ ስልክ ስለጠራ ኦቨኑ ያፈስሳል ማለት አይደለም።

ክረምት ላይ መብረቅ ሲመጣ መኪና ውስጥ መሆን ይሻላል ይባላል። የቆርቆሮ ቤትስ?

ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ጥሩ መጠለያ ነው። ምክንያቱ ጎማው አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ በብረቱ ቆዳ ላይ ሄዶ ወደ መሬት ስለሚወርድ ነው። መስኮት ዝጉ፣ ብረቱን አትንኩ። አውሮፕላንም እንደዚሁ ነው፤ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በአማካይ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል መብረቅ ይነካዋል፤ መንገደኛው ግን አይጎዳም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 አካሉ በአብዛኛው ከካርቦን ነው፤ ካርቦን እንደ አሉሚኒየም ስለማያስተላልፍ ቆዳው ውስጥ ስስ የብረት መረብ ተቀብሮለታል።

የቆርቆሮ ቤት ግን ይህ አይደለም። ላዩ ብረት፣ ጎኑ እንጨትና ጭቃ ነው። መብረቁ ጣሪያውን ከመታ ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ ራሱ ይፈልጋል፤ ያ መንገድ የመብራት ሽቦ ወይም ሰው ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ከጣሪያው በወፍራም መዳብ መሬት ድረስ የወረደ የመብረቅ መከላከያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ተቃጥለው የሚመጡልኝ ሪሲቨሮች ብዙ ናቸው። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ፣ የመብራቱንም የዲሹንም ገመድ ንቀሉ። ከቀረበ በኋላ ግን አትንኩት፤ ሪሲቨር ይተካል።

ሺልድ ከመሬት ጋር ካልተያያዘ፣ ማለትም ኧርዝ ካልተደረገ አይሠራም?

ብዙ ኤሌክትሪሺያኖችም የሚሳሳቱበት ነው። የሬዲዮ ሞገድ ለማገድ ኧርዝ አያስፈልግም። በፎይል የጠቀለልኩት ስልክ ከመሬት ጋር አልተያያዘም፤ ግን ዝም ብሏል። በረራ ላይ ያለ አውሮፕላንም ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ የለም።

ኧርዝ የሚያስፈልገው ለሌላ ነው፤ አንደኛ ለደህንነት፣ የመብራት ሽቦ የመሣሪያውን የብረት ሳጥን ቢነካ ኤሌክትሪኩ ሰውን እንዳይዝ። ሁለተኛ ለገመድ ሺልድ፣ የለቀመው ረብሻ የሚወርድበት እንዲያገኝ። ሺልድ ያለው የኔትወርክ ገመድ ዘርግታችሁ ኮኔክተሩን የፕላስቲክ ካደረጋችሁት ተጨማሪ የከፈላችሁበት ሺልድ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ቤቴ ትራንስፎርመር አጠገብ ነው። ግድግዳውን በፎይል ብሸፍነው?

አይረዳችሁም። ከትራንስፎርመር የሚወጣው 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ብቻ የሚወዛወዝ፣ የማግኔት መስክ ነው። በዚህ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ አሉሚኒየም ውስጥ ለመድከም 12 ሚሊ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት፤ ፎይል ደግሞ የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ነው። ሳይነካው ያልፋል። ማግኔት በፎይል ጠቅልላችሁ ምስማር ብታስጠጉ ምስማሩ ይሳባል፤ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እንዲህ ያለውን መስክ የሚመልሰው ኒኬል የበዛበት ሙ-ሜታል የሚባል ልዩ ቅይጥ ነው፤ በውድ መሣሪያዎች ውስጥ እንጂ በቤት ግድግዳ ላይ አይለጠፍም።

ደግነቱ መስኩ በርቀት ቶሎ ይደክማል። ዓለም አቀፉ መመሪያ ለሕዝብ ያስቀመጠው ጣሪያ 200 ማይክሮቴስላ ነው፤ ከትራንስፎርመሩ ጥቂት ሜትር ራቅ ሲባል የሚገኘው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። አሁንም ካሳሰባችሁ አልጋውን ወደ ማዶው ግድግዳ አዙሩት። ለፎይል ያሰባችሁት ገንዘብ ይቀርላችኋል።